ሐይቁ በኩል ያለው ጆሮ

አስፋልት የምሻገረው የማላውቀውን ሰው እጅጌ ይዤ ነው። አራት ወር ሆነኝ። መኪናው፣ ባጃጁ፣ የዕቃ ጋሪው ሁሉ ድምፅ አልባ ነው፤ ጡሩምባ ከተከለከለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። «መጣሁ» የሚሉት በእግረኛው ማዳመጫ በኩል ነው። እኔ ደግሞ ለሦስት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ምንም ነገር እንዳላስገባ ተፈርዶብኛል። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ቆሜ «ያሻግሩኝ» እላለሁ፣ እጅጌ እይዛለሁ፣ እሻገራለሁ፣ እለቃለሁ። ብዙ ሰው አይከለክልም። አንዳንዱ ግን አንገቴ ላይ ያለውን ቢጫ ክር ሲያይ ክንዱን ይሰበስባል። ቢጫ ክር ኡኡታ ሰምቶ ያልደረሰ ሰው ምልክት ነው።

እኔ ኡኡታውን አልሰማሁም። ኡኡ ያለው ሰውዬ በወደቀበት ሰዓት ቤቴ ሆኜ ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ሐሴት።

ሐሴት ግማሼ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

የኡኡታ አዋጅ አጭር ነው። መንገድ ላይ አንዱ ጆሮ ማዳመጫ ይኖረዋል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ ይዘምረዋል፦ «አንዱ ጆሮ ለመኪና፣ አንዱ ጆሮ ለሰው»። በሠላሳ እርምጃ ውስጥ የድረሱልኝ ጩኸት የሰማ መድረስ አለበት። ሁለቱንም ጆሮውን የደፈነ ሰው ደግሞ «ድርብ» ይባላል፤ ቅጣቱ ከሁሉም የከፋ ነው። ማዳመጫ ግን ድሮም ዛሬም የሚሸጠው በጥንድ ነው። ለአንድ ሰው ሁለተኛው ምን ያደርግለታል? ሰው ተጋራ። መጀመሪያ ተማሪዎች፣ ቀጥሎ የቢሮ ሰዎች፣ በመጨረሻ ሁሉም። እኛ ስንደርስ ተጋሪ የሌለው ሰው ሥራ ሲያመለክት «ምነው፣ ግማሽ የለህም?» ይባል ነበር።

ግራው የሐሴት፣ ቀኙ የኔ። ዜና አብረን እንሰማለን፣ ዘፈን አብረን እንሰማለን። በትክክል ለመናገር፣ ግማሽ ግማሹን። ከበሮው በግራ በኩል ስለሚመጣ ለሐሴት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘፋኙንና ማሲንቆውን ሰምቼ፣ ከበሮውን የማውቀው በሐሴት ትከሻ ነው።

ሁለቱ ቁራጮች ኃይል የሚሞሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው ነው። ለየብቻ እምቢ ይላሉ። ስለዚህ ሳጥኑን በየሳምንቱ እንቀባበላለን። የሳምንቱ ተረኛ ከሥራ ስትወጣ ሌላዋን ቤቷ በር ድረስ ታደርሳለች፣ በሩ ላይ ቁራጩን ትረከባለች፣ ጠዋት መጥታ ትመልሳለች። በሐሴት ሳምንት ቀኙን ከጆሮዬ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀምጥላት ነበር። ገና ሞቆ እያለ። ከዚያ በሬን ዘግቼ ቁራጩን እረሳዋለሁ።

ተረኛ ብቻዋን ስትቀር ምን እንደምታደርግ ሁሉም ያውቃል። ሙሉ ዘፈን መስማት ያምራታል። እኔም ቤቴ ውስጥ፣ በር ዘግቼ፣ አድርጌዋለሁ። ቤት ውስጥ ወንጀል አይደለም። አንድ ጊዜ ደግሞ ተማሪ ሆነን ሁለቱንም አድርጌ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ተቆጣጣሪ ሲወጣ ሐሴት ግራውን ከጆሮዬ መንጭቃ የራሷ ውስጥ ከተተችው። ግማሽ ለግማሹ እንዲህ ያደርጋል። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ማንም ግን አይጥሰውም።

ሥራዬ ጆሮ ነበር። የውኃ ቧንቧ የት ላይ እንደሚያፈስ መሬት ላይ መስሚያ ደግኜ አዳምጣለሁ። ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ የምትንጠባጠብ ውኃ ለየት ያለ የሲርታ ድምፅ አላት፤ ማሽኑ ይስታታል፣ የለመደ ሰው አይስታትም። ለዚህ ሥራ ሁለቱም ጆሮ መሸፈን ስላለበት ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፤ አጠገብም አንድ ሰው ቆሞ ይሰማል። የኔ ሰሚ ጋሽ ሽባባው ናቸው፤ ስድሳ አምስት ዓመታቸው፣ ጸጉር የሞላው ጆሮ፣ ማቆሚያ የሌለው አፍ።

ሐሴት የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፤ እጄ እስከ ክርን ጭቃ። ጋሽ ሽባባው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው መስሚያውን አወለቁልኝ።

«ግማሽሽ መጥታለች። ፊቷ እንደ ሰኔ ሰማይ ነው።»

«ጋሽ ሽባባው ደግሞ!» አለች ሐሴት፤ ሳቀች። እጇ ላይ ሰሌዳ ይዛለች። «ናርዲ፣ አንድ ጊዜ ጣትሽን።»

«ምንድን ነው?»

«የትናንት ማታ። ሁለቱ ቁራጮች ጆሮ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተመዝግበዋል። ድርብ ነው ወይስ ሁለት ሰው ነው ብሎ የመንገድ ሸንጎው ደብዳቤ ላከ።»

«ድርብ ነበርሽ?»

ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። «አዲሱ ዘፈን እኮ ነው። ከበሮውን ብትሰሚው!»

«አብደሻል።»

«እሺ አብጃለሁ። አብረን ነበርን ብለሽ ፈርሚልኝ። አንቺ ቀኝ፣ እኔ ግራ፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ክፍት ጆሮ። ሕጋዊ ነው። ፋይሉ ይዘጋል።»

ሰሌዳው ላይ ሁለት ክቦች ተሥለዋል፤ በየክቡ ስማችን፣ ከግርጌው ረጅም ጽሑፍ። ክቦቹን ሐሴት ሞልታቸዋለች። የኔ ስም በግራ በኩል፣ ሰማያዊ መስመር አጠገብ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሐይቁ። ወደ ድልድዩ ስንሄድ በግራ አይደል? ሐይቁ በኩል አንቺ ነበርሽ። ከጠየቁሽ እንዳትቀላቅይው። ሐይቁ በኩል አንቺ፣ መንገዱ በኩል እኔ።»

«እስቲ ስጪኝ ላንብበው።»

ሰሌዳውን ትንሽ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ናርዲ፣ ሥራ አለኝ፣ አንቺም ሥራ አለሽ። አታምኚኝም እንዴ?»

እኔ ትዕግሥት የለኝም። ሰው ነገር ሲያስረዝም ደሜ ይፈላል። ከጉድጓዱ በታች ደግሞ ውኃዋ እየሄደች ነው። አውራ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ጫንኩት።

ጋሽ ሽባባው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ሥራቸው መስማት ነው። ሐሴት ከሄደች በኋላ «ሳታነቢ?» አሉኝ።

«ግማሼ ናት እኮ።»

«ግማሽሽማ ናት» አሉ መስሚያውን ሲመልሱልኝ። «ሌላኛው ግማሽ የማን ነው?»

መጥሪያው የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለሁለታችንም ሳይሆን ለኔ። ሐሴት በምስክርነት ተጠርታለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ክስ ድርብ አይደለም፤ «ኡኡታ ሰምቶ አለመድረስ» ይላል። ለሐሴት ደወልኩ። አላነሳችም። ሳምንቱ የኔ ስለነበረ ጠዋት ቤቷ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። እናቷ ወጥተው «ታማለች፣ ዛሬ አትሄድም» አሉኝ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

የመንገድ ሸንጎው አዳራሽ ትንሽ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን እያወለቀች የምታስገባ፣ ድምፅዋ የደከመ ሴት ነበረች። ተጎጂው አቶ ቢምረው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። መረብ ጠጋኝ ናቸው። በዚያ ማታ ከሐይቁ ዳር ግንብ ተንሸራተው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። የዳርቻው ምሰሶ ጩኸታቸውን መዝግቦታል፤ አሥራ አንድ ኡኡታ። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ተኝተው ከቆዩ በኋላ ያገኛቸው ታንኳ እየሳበ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሠላሳ እርምጃ ውስጥ ያለፉት ማዳመጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ቀኙና ግራው። የኔና የሐሴት።

ሰብሳቢዋ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አወጣችው። እነዚያው ሁለት ክቦች። ከሰማያዊው መስመር አጠገብ ደግሞ፣ ሐሙስ ዕለት ያላየሁት ቀይ ነጥብ።

«ወይዘሪት ናርዶስ ቀኝ ቁራጭ አድርገሻል። ክፍት ጆሮሽ ግራው ነው። ሐይቁ በግራሽ ነበር። አቶ ቢምረው ያሉት እዚህ ነው» አለች ነጥቡን እያሳየች። «ከክፍት ጆሮሽ እስከ ሰውዬው አምስት እርምጃ። የወይዘሪት ሐሴት ክፍት ጆሮ ቀኙ ነው፣ ወደ መንገዱ የዞረ፤ መካከላቸውም አንቺ ነሽ። እሷን አዋጁ አይጠይቃትም። ቃላችሁ ይህ ነው፣ ሁለታችሁም አጽንታችሁታል።»

ወደ ሐሴት ዞርኩ። ጥፍሯን ታያለች።

«ሰብሳቢ፣ እዚያ አልነበርኩም።»

«ፈርመሻል።»

«ሳላነብ ነው የፈረምኩት።»

«ይሄን ያላለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።» መነጽሯን አደረገች። «ማዳመጫው ጆሮ ውስጥ ባለበት ቦታ ባለቤቱ አለ። በማን ጆሮ እንደነበረ መሣሪያው አይለይም፤ የጆሮ ቅርፅ መመዝገብ ገመናን መግለጥ ነው ተብሎ የተከለከለው በእናንተው በተማሪዎቹ ሰልፍ ነው። የት ነበርሽ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ፀጉሬን እየታጠብኩ።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ።

አቶ ቢምረው እጃቸውን አነሱ። «እመቤቴ፣ እኔ ኮቴ ሰምቻለሁ። ፊቴ ወደ ውኃው ስለነበረ አላየሁም። ግን የአንድ ሰው ኮቴ መሰለኝ።»



«መሰለኝ አይመዘገብም፣ አባቴ» አለች ሰብሳቢዋ፤ ክፋት ሳይኖርባት። ወደኔ ተመለሰች። «ልንገርሽ፣ ቃልሽን ማንሳት ትችያለሽ። ያኔ ሐሰተኛ የጋራ ቃል ሰጥተሻል፤ ቅጣቱ አምስት ዓመት ያለ ማዳመጫ ነው። በእሷ ላይ ድርብ መሆኗን የሚያሳይ ምን ማስረጃ አለሽ?»

«ነግራኛለች።»

«ወይዘሪት ሐሴት?»

ሐሴት ቀና አለች። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ይህን አልክድም። «አብረን ነበርን» አለች። «ወደ እኛ ቤት እየሄድን። እየተጫወትን ስለነበር… እሷም ልብ አላለችውም ይሆናል።»

እሷም ልብ አላለችውም ይሆናል። እየተከላከለችልኝ ነበር።

ጉድጓዱ ዳር የሰሙት ጋሽ ሽባባው ይመሰክሩልኛል ብዬ ለአንድ አፍታ አሰብኩ። ግን እሳቸው የሚመሰክሩት ሁሉንም ነው፤ ውሸት መሆኑን አውቄ ጣቴን መጫኔን ጭምር። አምስቱን ዓመት የሚያጸና ምስክር። ሐሴትን በድርብ ይወስዷት ይሆናል፤ እኔ ግን እስከ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ያለ ማዳመጫ እቀራለሁ። ሦስት ዓመት ወይስ አምስት? ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሒሳብ ይኼ ብቻ ነበር። ስለ እውነት አላሰብኩም። በኋላ ነው ያሰብኩት፤ በኋላ ማሰብ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

«ቃሌን አላነሳም» አልኩ።

«እንግዲያው ለተጎጂው መመለስ አለብሽ። ይጠይቁሻል።»

አቶ ቢምረው ወንበራቸውን ወደኔ ገፉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የማያውቁትን ነገር ለማወቅ የሚፈልጉ ብቻ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ ሰምተሽኝ ነበር?»

ሐሴት አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይይልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ አላዩኝም።

ደረጃው ላይ ሐሴት ጠበቀችኝ። ቢጫውን ክር ገና አንገቴ ላይ አስረውልኝ መውጣቴ ነው።

«ናርዲ፣ ስሚኝ። ድርብ ሆኖ ሰው ከተጎዳ ሰባት ዓመት ነው፤ እስርም አለው። ይሄ ሦስት ነው። ቢያንስ እስር የለውም። አንዳችን…»

«ሰምተሽው ነበር?»

«ሁለቱም ተደፍኖ ምን እሰማለሁ?»

«መቼ አወቅሽ?»

ዓይኗን ወደ አስፋልቱ አዞረች።

«ሐሙስ ዕለት ሐይቁ በኩል አንቺ ነበርሽ ያልሽኝ ጊዜ። ሰውዬው የወደቀው በየት በኩል እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

የቦርሳዋን ማሰሪያ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። «ደብዳቤው ላይ ካርታ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ደብዳቤ የሚላከው ለተረኛ ነው፤ ታውቂያለሽ።» ቀጥላም፣ እኔ ያላልኩትን ነገር እንደምትመልስ ሁሉ፣ «አውቶቡሱ ላይ እኔ አላደረግኩልሽም?» አለች።

ያ ነገር ሲደረግ መሬት ላይ ወድቆ የሚጮህ ሰው አልነበረም። ግን ይህን ለማስረዳት የሚያስፈልገው ትዕግሥት የለኝም። ቀኙን ቁራጭ ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ወርዳ ሄደች። አስፋልቱ ዳር ደርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌ ለመንኩ።

ፈቃዴ ተነጠቀ። መሥሪያ ቤቱ አላባረረኝም፤ ቆጣሪ አንባቢ አደረገኝ። ከቤት ቤት እዞራለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ውሻ ይጮህብኛል። ጉድጓዱ ላይ አሁን አንድ ልጅ እግር መሐንዲስ ያዳምጣል። ጋሽ ሽባባው አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ እጅጌያቸውን ሰጡኝ፤ ከተሻገርንም በኋላ አለቀቁኝም።

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስላንቺ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ የመጨረሻዋ ሰሚ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«ምን ይላሉ?»

«ሽማግሌ ሲያቃስት እየሰማች አለፈች ይላሉ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሐሙስ ዕለት እዚያው ነበርኩ» አሉ። «ግን የጠየቀኝ የለም።»

«እኔም ሳልጠራዎት ቀረሁ።»

«ታዲያስ» አሉና እጅጌያቸውን መለሱ።

ሁለቱም ጆሮዎቼ ክፍት ሆነው ከተማዋን ስሰማት የሚገርመኝ ዝምታዋ ነው። ሰው የሚያወራው በማዳመጫው ነው፣ መኪናው በማዳመጫው ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ጥሪ በማዳመጫው ነው። ለሰው የተባለው ባዶ ጆሮ የሚሰማው ነገር የለም። የጫማ ኮቴ፣ የቅጠል ኮሽታ፣ የሐይቁ ውኃ ከግንቡ ጋር ሲላተም። አንድ ሰው አሥራ አንድ ጊዜ ቢጮህ እዚህ ዝምታ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አሁን አውቀዋለሁ። ሳልፈልግ በየቀኑ አስበዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የሐይቁን ዳር ይዤ ቆጣሪ እያነበብኩ ስሄድ ከፊቴ ሁለት ሴቶች አየሁ። አንዷን በትከሻዋ አወቅኋት፤ እንደ ድሮው በከበሮ ይንቀሳቀሳል። ሌላዋ አዲስ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ትልቅ ቦርሳ፣ ችኩል አረማመድ። ወደ ድልድዩ በኩል እየሄዱ ነው። ልጅቷ በግራ፣ ሐሴት በቀኝ። ቀኙ ቁራጭ በልጅቷ ጆሮ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ከሐሴት ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ሳምንቱ የሐሴት ነው።

እርምጃዬን አፈጠንኩ። በግንቡና በልጅቷ መካከል ገብቼ፣ ሐይቁ በኩል ባለው ጆሮዋ አጠገብ ሆንኩ። ሐሴት ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ታንጎራጉራለች፤ ወደ እኛ በኩል ያለው ጆሮዋ ተደፍኗል።

ልጅቷ ክሩን አየች። አልሸሸችም። ክንዷን ዘረጋችልኝ። «ላሻግርሽ፣ እህቴ?»

«አይ። ስሚኝ ብቻ። ስምሽ ማነው?»

«ብሌን።»

«ብሌን፣ በሳምንቷ በርሽ ላይ ስትለይሽ ቤት ብቻሽን አትቀመጪ። ሱቅ ሂጂ፣ ጎረቤት ግቢ፣ ያየሽ ሰው ይኑር። ፈርሚ ስትልሽም አንብቢ።»

«ለምን?»

«እኔም ቀኝ ነበርኩ።»

ዓይኗ ከክሩ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ሳጥኑ ሄደ። የገባት አልመሰለኝም፤ የሰማች ግን ሰምታለች። ቆምኩና አሳለፍኳቸው። አሥር እርምጃ ያህል ሄደው ብሌን ዞር ስትል አየሁ። ጸጥ ባለው መንገድ ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ።

«ሐሴቲ፣ ይሄን ሳምንት ሳጥኑን እኔ ብይዘውስ?»

ሐሴት ሳቀች። ያንን ሳቅ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ።

«ውይ፣ ምነው ዛሬ?» አለች። «አታምኚኝም እንዴ?»

ልጅቷ የመለሰችውን ለመስማት አልቆምኩም። አስፋልቱ ዳር ደርሼ፣ ቀድሞኝ የቆመውን ሰውዬ እጅጌ ያዝኩ።